የምርኩዙ መለኪያ፦ የጓያ ሽባነት ታሪክ

የጓያ ሽባነት በክፉ ዘመን የሚመጣ የእግር በሽታ ነው። ጓያ ድርቅንም ውኃ የቋጠረ ዋልካንም ስለሚችል፣ ሌላው አዝመራ ሲከዳ በድሃ ቤት የሚቀረው እሱ ነው። ለወራት ዋና ቀለቡ ያደረገው ሰው አንዳንዴ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት እግሮቹ ግትር ብለው አልታዘዝ ይሉታል። አእምሮው ግን ደህና ነው።

የናፖሊው ሐኪም አርናልዶ ካንታኒ እ.ኤ.አ. በ1873 በሽታውን ከተክሉ የሳይንስ ስም ተነሥቶ ላቲሪዝም አለው። ደረጃውን የለየው ግን የታማሚው ዱላ ነው። በሕንድ ያጠናው ሂዩ አክተን በ1922 ታማሚዎቹን ምርኩዝ የማይሻ፣ ባለ አንድ ምርኩዝ፣ ባለ ሁለት ምርኩዝና የሚዳኽ ብሎ ከፈላቸው። የመጀመሪያው ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል፤ ሩጫ ያቅተዋል። በምርኩዝ የሚሄዱት እግሮቻቸው እየተጠላለፉ ያደናቅፏቸዋል። የመጨረሻው መቆም ተስኖት በእጆቹና በመቀመጫው ይገፋል። ከብዙ የላቲን ስያሜ ይልቅ ይህ አከፋፈል ይበልጣል፤ የገጠር ጤና ሠራተኛ ያለ አንዳች መሣሪያ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይለየዋል። ተመራማሪዎችም ዛሬ ድረስ ይሠሩበታል።

በ1942 ሮማንያ በምታስተዳድረው የቫፕኒያርካ ካምፕ የታጎሩ አይሁዶች ለከብት መኖ የተዘጋጀ ጓያ ተቀለቡ። እግራቸው ሲያዝ በሽታውን የለየው አብሯቸው የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነበር፤ በኋላም እስራኤል ገብቶ ታማሚዎቹን ለዓመታት ተከታትሏል። በ1964 ደግሞ በሕንድ ከዘሩ ውስጥ ኦዳፕ የተባለው መርዝ ተለየ። ከአንጎል ለእግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች የሚጎዳው እሱ እንደሆነ ይታመናል።

በኢትዮጵያ ጓያ ሽሮ፣ ቂጣ፣ ንፍሮና ቆሎ ሆኖ ይበላል። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራው፣ በ1990 የታተመው ጥናት በሰሜን ምዕራብ ገጠር ከ1000 ሰው በአማካይ 6ቱ በዚህ በሽታ መያዛቸውን አሳየ። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ በደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ተነሣ፤ ብዙዎቹ ተጠቂዎች ወጣቶች ነበሩ። በየመንደሩ ጉዳቱን ከሚቀቀለው ጓያ እንፋሎት ጋር የሚያያይዝ ብዙ ነው፤ ይህም አደጋው ያለው በመብላቱ መሆኑን ይሸፍናል። ዘሩን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል መቀላቀልም አደጋውን ይቀንሳል። በድርቅ ዓመት ግን ውኃውም ሌላው እህልም አይገኝም፤ አንዴ የተገተረ እግርም ጓያ ስለተተወ አይፈታም።