ስሙ ያልተነገረው የጡፈይል ጓደኛ

ጡፈይል ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) የደውስ ጎሳ አለቃና ባለቅኔ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገና መካ ውስጥ በመከራ ላይ ሳሉ ወደ እርሳቸው መጥቶ፣ የጎሳውን ምሽግ መጠጊያ ያደርጉት ዘንድ ጠየቃቸው። እርሳቸው ግን አልተቀበሉትም። ያ ክብር አላህ (ሱ.ወ.) ለአንሷሮች ያቆየው ነበርና። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ ጡፈይልም ከወገኖቹ አንድ ሰው ይዞ ተሰደደ። ዳሩ ግን የመዲና አየር አልተስማማቸውም። ሰውየው ታመመ፤ ሕመሙ ጸናበት፤ መታገሥ አቃተውና በገዛ እጁ እጆቹን ጎዳ፤ በዚያውም ሞተ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ጡፈይል ሟቹን በሕልሙ አየው። መልኩ ያማረ ነው፤ እጆቹ ግን ተሸፍነዋል። ጌታው ምን እንዳደረገው ቢጠይቀው፣ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመሰደዱ እንደተማረ ነገረው። ስለ እጆቹ ሲጠይቀው ደግሞ፣ ራሱ ያበላሸው እንደማይስተካከልለት እንደተነገረው ገለጸለት። ጡፈይል ሕልሙን ይዞ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሄደ። እርሳቸውም ሲሰሙ፣ ለእጆቹም ምሕረት ይደረግለት ዘንድ አላህን ለመኑለት። ጃቢር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ይህ ሐዲሥ በኢማሙ ሙስሊም ሰሒሕ፣ በኢማን መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

በ676 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1277) ያረፉት ኢማሙ ነወዊ ይህን ሐዲሥ ሲያብራሩ፣ ራሱን ያጠፋ ሰው በዚህ ድርጊቱ ብቻ ከእስልምና እንደማይወጣ ትልቅ ማስረጃ አድርገው ወስደውታል። ይህ ማለት ድርጊቱ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ራስን መግደል ሐራም መሆኑ በቁርአንም በሐዲሥም ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ የሱረቱ አን-ኒሳእን 29ኛ አንቀጽ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው፣ ክልከላው የሚዘጋው አላህ ለባሮቹ አዛኝ መሆኑን በማስታወስ እንደሆነ ያያል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ግማሽ እንናገርና ሁለተኛውን እንተወዋለን።

እንግዲህ ለሞተው ሰው ዱዓ ከተደረገለት፣ ሞክሮ የተረፈው፣ ራሱን ጎድቶ ሐኪም ቤት ደርሶ የተመለሰው ልጃችንስ ምን ይገባዋል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው።

ለመሆኑ የሰውየውን ስም ልብ ብላችኋል? ሐዲሡ አይነግረንም። የደውስ ሰው መሆኑን፣ መሰደዱን፣ መታመሙን እናውቃለን፤ ስሙ ግን ተሸፍኖ ቀረ። ጡፈይል ነገሩን አልደበቀም፤ መፍትሔ ወዳለበት፣ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሰደው። በእኛ ቤት ግን የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ልጅቷ ከሆስፒታል ስትመለስ ጎረቤት ምን አገኛት ብሎ ይጠይቃል፤ እናት ጨጓራ ነው ትላለች። ጎረቤት ግን ወሬውን ሰምቷል፤ እንዳያሳፍራት ብሎ ይቀራል። ለወባ ቢሆን አጥሚት ይዞ የሚመጣው፣ ለወለደች ገንፎ የሚያገነፋው፣ አላህ ያሽርሽ ብሎ ደጅ የሚሞላው ሰው ሁሉ ይጠፋል። ቤተሰቡ ነውሩን የሸፈነ መሰለው፤ የሸፈነው ግን በሽተኛዋን ነው። የአንድን ሙስሊም ነውር መሸፈንና አንድን ሙስሊም ብቻውን መተው ለየቅል ናቸው፤ እኛ ግን ሁለቱን ቀላቅለናቸዋል።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይምሰላችሁ። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ 10,468 ጎልማሶችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመቶ 3.2 የሚሆኑት በሕይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር ተናግረዋል። ቡታጅራ ደግሞ መስጊዱም ሶላቱም የሞላበት አገር ነው። ለብዙ ዘመን በሀገራችን የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል የሚታወቀው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ስሙም በሰፈር መሰዳደቢያ ሆኖ ኖሯል። ሰው ወደዚያ ከመሄድ በየቤቱ ተደብቆ መሠቃየትን ቢመርጥ ምን ይደንቃል?

የቀደሙት ሙስሊሞች በሽተኛው ከሐኪም ቤት ደጅ ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው አስበውበታል። ቢማሪስታን የሚባሉት ሆስፒታሎቻቸው በወቅፍ የሚተዳደሩ ነበሩ። ሱልጧን ቀላዉን በ683 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1284) በካይሮ ያሠሩት ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። በኤዲርኔ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1488 የተፈጸመው የሱልጧን ባየዚድ ሁለተኛው ሆስፒታል አእምሮን በዜማ ለማረጋጋት ይሞክር እንደነበር መንገደኛው ኤውሊያ ቸለቢ ጽፏል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የመራኬሹ ነው። ዐብዱልዋሒድ አል-መራኩሺ በ621 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1224) በጻፉት የታሪክ መጽሐፍ እንደሚተርኩት፣ የሙዋሒዶች መሪ ያዕቁብ አል-መንሱር ያሠሩት ሆስፒታል ዛፍ የተተከለበት፣ ውኃ የሚፈስበት ነበር። በሽተኛው የቀንና የሌሊት፣ የበጋና የክረምት ልብስ ይሰጠው ነበር። ድኖ ሲወጣም ድሃ ከሆነ፣ ራሱን እስኪችል የሚኖርበት ገንዘብ ይሰጠዋል። እነሆ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሐኪሙ ድነሃል ባለው ቀንና ሰውየው ራሱን በቻለበት ቀን መካከል ጊዜ እንዳለ፣ ያም ጊዜ ባለቤት እንደሚያስፈልገው አውቀው ነበር ማለት ነው።

ይህ የመሀል ጊዜ በእኛ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የከፋው ነው። ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ወይም በከባድ የአእምሮ ሕመም ተኝቶ የወጣ ሰው አደጋው የሚበረታበት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንደሆኑ ዛሬ ሐኪሞች ያውቃሉ። ቤተሰብ ደግሞ እፎይ የሚለው ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

ከመራኬሹ ሰው 265 ዓመት ያህል ቀድመው በ322 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 934) ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺም ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ፣ ኀዘን፣ ፍርሃት፣ ቁጣና ውስዋስ እንደ ሰውነት ሕመም መታከም ያለባቸው ናቸው ይላሉ። ለነፍስ ሕመም አንዱ መድኃኒት ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ፣ ማለትም ከሌላ ሰው አንደበት እንደሚመጣ ያስተምራሉ። ክፉ ሐሳብ የሚያስጨንቀውን ሰውም ብቻውን ከመቀመጥ እንዲርቅ ይመክራሉ። የአንድ ሺህ ዓመት ምክር ነው፤ እኛ ግን በሽተኛዋን በጓዳ እናስቀምጣለን።

በዘመናችን ይህን ምክር በቁጥር የፈተኑት ሰዎች አሉ። በሳን ፍራንሲስኮ ዶክተር ጄሮም ሞቶ ከሆስፒታል ወጥተው ክትትል እምቢ ካሉ ወይም ካቋረጡ 843 ሰዎች ለከፊሎቹ በ5 ዓመት ውስጥ 24 አጫጭር ደብዳቤዎች እንዲላኩ አደረጉ። ደብዳቤዎቹ ምንም አይጠይቁም፤ እናስታውስሃለን ለማለት ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት፣ ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ይህን ሐሳብ የአውስትራሊያ ሐኪሞች በፖስታ ካርድ ሞከሩት፤ ከዚያም ወደ ቴህራን ደረሰ። በዚያ በጠቢቡ ሉቅማን ስም የሚጠራ፣ የተመረዙ ሰዎች የሚታከሙበት ሆስፒታል አለ። ዶክተር ሑሴን ሐሰኒያን ሙቀደምና ባልደረቦቻቸው 2,300 ያህል ሕሙማንን ይዘው፣ ለግማሾቹ በዓመት ውስጥ ስምንት ካርድ፣ በልደት ቀናቸውም አንድ ተጨማሪ ላኩ። እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳስታወቁት፣ ካርድ በደረሳቸው ዘንድ ራስን የማጥፋት ሐሳብ በሲሶ ገደማ፣ ሙከራውም ከመቶ 40 ያህል ቀነሰ። በሱረቱ ሉቅማን ውስጥ አባት ልጁን የሚመክርበትን የፍቅር አጠራር ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ሥራ በዚያ ስም በሚጠራ ቤት መሠራቱ ደስ ያሰኛል።

የዓለም የጤና ድርጅትም ካራጅን (ኢራን) ጨምሮ በአምስት ሀገሮች ባስተባበረው ጥናት፣ ሞክረው የተረፉ ሰዎችን የአንድ ሰዓት ያህል ካወያዩ በኋላ ለ18 ወራት ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ጠየቋቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት፣ ከተጠየቁት መካከል 2፣ ካልተጠየቁት ግን 18 ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል። እውነቱን ለመናገር በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ይህን ያህል ውጤት አላገኙም፤ ካርድም የሐኪምን ቦታ አይተካም። ቢሆንም በሽተኛን መጠየቅ በሙስሊም ላይ የሙስሊም ሐቅ መሆኑን ስንማር ላደግን ለእኛ ነገሩ ባዕድ ሊሆንብን አይገባም።

ታዲያ እናንተ ቤት ቢገባ ምን ታደርጋላችሁ? ቀጠሮውን አታስቀሩ፤ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ፈቃድ አታቋርጡ። ሩቅያ ማስቀራት መልካም ነው፤ ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው ያዘዙ መሆናቸውን አትርሱ። ሩቅያና ሕክምና የሚጣሉ አድርጎ የሚያቀርብላችሁን ሰው አትስሙት። በቤት ያለ መድኃኒትም ሆነ መርዝ ከእጅ ይራቅ፤ ቢቻል ከቤት ይውጣ። ሐሳቡ ተመልሶባት እንደሆነ በግልጽ ጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባባታል የሚባለው ስሕተት ነው። ተመልሶባት ከሆነ ብቻዋን አትተዉአት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዷት። ራሱን የሚጎዳ ሰው ሁሉ ሞትን ፈልጎ አይደለም፤ አንዳንዱ የውስጡ ጭንቀት ሲበዛበት ነው። ስለዚህ ልታስፈራራን ነው፣ ኢማኗ ቢጠና ኖሮ አትለውም ነበር የሚሉ አክስቶችና አጎቶች ካሉ፣ ደጅ ላይ ቁሙና መልሷቸው። ስብከቱ ይቆይ። አንድ ወይም ሁለት ምስጢር ጠባቂ ሰው ምረጡና እውነቱን ንገሯቸው፤ እነርሱ ተራ ይግቡ።

የመራኬሹ መሪ ያዕቁብ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በፈረስ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዱ ነበር። በ595 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1199) እስከ ሞቱበት ጊዜ ድረስም አላቋረጡም። እያንዳንዱን በሽተኛ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁታል፤ ቀጥለውም የሚያስታምሙት ሰዎች እንዴት እንደያዙት ይጠይቁታል። ሁለተኛው ጥያቄ አስታማሚዎቹን ለመቆጣጠር ነበር። በእኛ ቤት ግን አስታማሚዋ እናት ናት፤ ልጇ ከተመለሰች ጀምሮ ሌሊቱን በሩ ሥር ቁጭ ብላ ትንፋሿን ስታዳምጥ ታነጋለች። በሚመጣው ጁምዓ ከመስጊድ ስትወጡ በዚያ ቤት በኩል እለፉ፤ ከመካከላችሁ አንዷ ልጅቷ ዘንድ ትቀመጥና እናትየው እስከ ዐስር ሶላት ትተኛ።