ከቦምቡ ጋር የተሳፈረው ልጅ

ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚያስጨንቀን የተሰወረ ነገር ስላለበት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን የጭንቀቱ ምንጭ አስቀድሞ የተገለጠልን ነገር ነው እንላለን፤ ለዚህም እንግሊዛዊው የፊልም አዘጋጅ አልፍሬድ ሂችኮክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. የሠራው «ሳቦታዥ» ይመሰክርልናል።

በዚህ ፊልም አንድ ታናሽ ልጅ ጥቅል ተሸክሞ የለንደንን ከተማ ያቋርጣል። በጥቅሉ ውስጥ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የሚፈነዳ ቦምብ አለ፤ ይህን እኛ እናውቃለን፤ እርሱ ግን አያውቅም። በመንገድ ዳር ሸቀጡን የሚያሞግስ ነጋዴ ያስቆመዋል፤ ሰልፍ ያግደዋል፤ በመጨረሻም አውቶቡስ ተሳፍሮ ከቡችላ ጋር ይጫወታል። ቦምቡ ሳናውቀው ቢፈነዳ ኖሮ ለቅጽበት በደነገጥን ነበር፤ ሰዓቱን እያየን ስንጠብቅ ግን የቡችላው ጨዋታ እንኳ ያስጨንቀናል።

ቦምቡ ፈነዳ፤ ልጁም ሞተ። ሂችኮክ በ1962 ለፈረንሳዊው ለፍራንሷ ትሩፎ ሲናገር፣ ተመልካች የወደደውን ልጅ መግደሉ ስሕተት እንደ ነበረ አምኗል። በእኛ አስተያየት ስሕተቱ በሐዘኑ ብቻ አይደለም፤ ያን ያህል ሠግቶ የጠበቀ ተመልካች ዕረፍት ይገባው ነበርና፣ ባለዕዳው ካደው።

ይኸው ሰው በ1960 ባወጣው «ሳይኮ» በሌላ መንገድ ሄደ። ዋና ባለታሪክ የመሰለችን ሴት ፊልሙ ሳይጋመስ ያለ ማስጠንቀቂያ ተገደለች፤ አርፍዶ የመጣ ተመልካችም እንዳይገባ ተከለከለ። አስከሬኗን የያዘው መኪና ረግረጉ ውስጥ ሲሰጥም ጥቂት ይቆማል፤ እኛም፣ ለመናገር ቢያሳፍርም፣ ፈጥኖ እንዲሰጥም እንመኛለን።