የአሳማዋ ሳንቲም

የቦነስ አደን ከኢንተርኔት ጋር የተወለደ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ላስ ቬጋስ ውስጥ በስሎት (የቁማር ማሽን) ክፍል ስሠራ፣ ገና ማሽኖቹ በሳንቲም በሚሠሩበት ዘመን፣ አዳኞቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ሥራዬ የማሽኑ ሆድ ሲጎድል ሳንቲም መሙላት፣ የተቀረቀረውን ማስለቀቅ፣ ትልቅ ዕጣ ለወጣለት ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ ማስረከብ ነበር። ዛሬ የማውቃቸው ልጆች ስልካቸውን ዘርግተው «ጋሼ፣ ይህን ሰውዬ ይዩት፤ ቦነስ እያደነ ነው» ሲሉኝ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚታደነው ገንዘብ የማን ነው? መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ እኔም ልጽፍ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቻርልስ ፌይ የሚባል፣ ከባቫርያ ወደ አሜሪካ የተሰደደ መካኒክ፣ በ1890ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ «ሊበርቲ ቤል» የተባለችውን ባለሦስት መንኮራኩር ማሽን ሠራ። አምስት ሳንቲም ይገባባታል፤ ሦስት ደወል በአንድ መስመር ሲገጥም 50 ሳንቲም ትከፍላለች። በኋላ ሕጉ ቁማርን ማሳደድ ሲጀምር ባለማሽኖቹ ማስቲካ የሚሰጡ ማሽኖች አወጡ። እስከ ዛሬ ስሎት ላይ የምናያቸው ቼሪና ሎሚ ከማስቲካው ጣዕም የቀሩ ናቸው። ማስቲካው ስጦታ ይመስል ነበር፤ ዋጋው ግን በገባው ሳንቲም ውስጥ ተከፍሏል።

የመካከሉን ዘመን ቶሎ ልለፈው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባሊ የተባለው ኩባንያ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን «መኒ ሃኒ»ን አወጣ፤ በ1984 ደግሞ ኢንጌ ቴልናስ የተባለ ሰው መንኮራኩሩ የት እንደሚቆም ኮምፒውተር በዘፈቀደ ቁጥር የሚወስንበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ተጫዋቹ ቁልፉን በጫነባት ቅጽበት ውጤቱ ተወስኗል፤ መንኮራኩሩ የሚሽከረከረው ለማሳየት ብቻ ነው። ያለፈው ዙር በሚቀጥለው ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። «ይህች ማሽን ብዙ በልታለች፣ አሁን ትከፍላለች» እያለ የቤት ኪራዩን የጨረሰ ሰው ስንቱን አየሁ!

በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን በእውነት የምታስታውስ ማሽን መጣች። የሠራት ዊሊያምስ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ ነው። ዊሊያምስ በፒንቦል የመጫወቻ ማሽን የታወቀ ስለነበር የፒንቦሉን የነጥብ መብራት ማሳያ ስሎቱ ላይ ገጠመና አሳማ ሣለበት፤ ስሟም «ፒጊ ባንኪን» ተባለ። ሦስቱም መንኮራኩሮች ባዶ ቦታ ላይ ሲቆሙ በአሳማዋ ሆድ ገንዘብ ይጨመራል። ባንኩን የሚሰብረው ምልክት ሲመጣ የተጠራቀመው ሁሉ በዚያች ሰዓት ወንበሩ ላይ ላለው ሰው ይወጣል። ያጠራቀመው ተጫዋች ተስፋ ቆርጦ ቢነሣ ግን ገንዘቡ አብሮት አይሄድም፤ ለሚቀጥለው ሰው ይቆያል።

አዳኞቹ የተወለዱት እዚህ ነው። እዚያ የምንሠራ ሐበሾች እርስ በርሳችን «ጥንብ አንሳዎቹ» እንላቸው ነበር። ከሁሉ የማልረሳት አንዲት አሮጊት ናት፤ ወገቧ ላይ ትንሽ ቦርሳ ታጥቃ፣ ጣቶቿ በሳንቲም ጠቁረው፣ ንጋት ላይ የሌሊቱ ቱሪስት ወደ መኝታው ሲበተን ትደርሳለች። ከማሽን ማሽን እየሄደች አሳማዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ታነብባለች። ቁጥሩ ከፈለገችው በታች ከሆነ አትቀመጥም፤ ሰው ተቀምጦበት ቁጥሩ ካደገ ደግሞ ከኋላው ቆማ በትዕግሥት ትጠብቃለች። ተቀምጣም ባንኩ በተሰበረ ቅጽበት ትነሣለች፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዙር እንኳ አትጨምርም። ይህ ዲሲፕሊን ከብዙ ሰው የማይገኝ ነው፤ አከብራት ነበር። ካዚኖው ድርሻውን ከእያንዳንዱ ዙር ስለሚወስድ አሮጊቷ ብታሸንፍም አይጎድልበትም። ያሸነፈችው ደክሞት የተነሣውን ሰው ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው አደን በኢንተርኔት መጣ። የካሪቢያን ደሴት አገር የሆነችው አንቲጓና ባርቡዳ በ1994 ነጻ የንግድ ቀጣና የሚያቋቁም ሕግ አወጣች፤ የኢንተርኔት ካዚኖዎችም ፈቃድ ፍለጋ ወደዚያ ጎረፉ። ማንም ስለማያውቃቸው ደንበኛ የሚስቡት በቦነስ ነበር። ሒሳቡን እንየው። 100 ዶላር ታስገባለህ፣ ካዚኖው 100 ይጨምርልሃል፤ ገንዘቡን ለማውጣት የቦነሱን 10 እጥፍ፣ ማለትም 1,000 ዶላር አስይዘህ መጫወት አለብህ። ብላክጃክ የተባለውን የካርታ ጨዋታ በሚገባ ለሚጫወት ሰው የካዚኖው ድርሻ ከመቶ ዶላር ግማሽ ዶላር ገደማ ስለሆነ በአማካይ 5 ዶላር ይበላሃል፤ 95 ይተርፍሃል። ከመቶ 96 በሚመልስ ስሎት ደግሞ 40 ይበላሃል፣ 60 ይተርፍሃል። በዚህ ሒሳብ ከአንዱ ካዚኖ ወደ ሌላው እየዞሩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ገንዘቡም የካዚኖው የማስታወቂያ በጀት ነበር።

ካዚኖዎቹ ነቁ። ብላክጃክን ከቦነስ አስወጡ፣ በአንድ ዙር የሚያዘውን ገንዘብ ገደቡ፣ መታወቂያ ጠየቁ። ከሁሉ በላይ እጥፉን ሰቀሉት። ያስገባኸውንና ቦነሱን ደምሮ 35 እጥፍ ሲባል 7,000 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ ከመቶ 4 ሲነሣ 280 ይሆናል፤ በእጅህ ያለው ግን ከነቦነሱ 200 ብቻ ነው። አደኑ በዚህ አበቃ ማለት ይቻላል።

ልጆቹ የሚያሳዩኝ ሦስተኛውን ነው። አንድ ሰው በቀጥታ ሥርጭት ካሜራ ፊት ይቀመጣል፤ ብዙ ስሎቶችን ይጫወታል፤ «ቦነስ» የሚሉት ነጻ ዙር ሲወጣለት ሳይከፍት ትቶት ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋል፤ ጨዋታው ባለበት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ሁሉንም በተከታታይ ይከፍታል። በ1,000 ዶላር ጀምሮ፣ በየዙሩ 1 ዶላር እያስያዘ 20 ቦነስ ሰብስቦ 200 ቢቀረው፣ ወጪውን ለመመለስ እያንዳንዱ ቦነስ በአማካይ 40 ዶላር ማምጣት አለበት። ተመልካቹ ይህችን ቁጥር እያየ ልቡ ይሰቀላል። ነገር ግን እዚህ የተነሣ ሰው የተወው ገንዘብ የለም፤ የሚከፈተው የራሱ 800 ዶላር ነው። ቦነሱን ማዘግየት ከመቶ 96ን 97 አያደርገውም። በ2017 ደግሞ «ዋይት ራቢት» በተባለው ጨዋታ ቦነሱን በቀጥታ መግዛት ተጀመረ፤ መሰብሰብ እንኳ ቀረ።

ታዲያ ሰውየው ከምን ይኖራል? ከሥርጭቱ ግርጌ የመመዝገቢያ ኮድ አለ። በዚያ ኮድ የገባ ተመልካች ሲሸነፍ ካዚኖው ከሽንፈቱ ላይ ለአሠራጩ የሚከፍልበት ውል የተለመደ ነው። አሮጊቷ ማንንም ወደ ማሽኑ አልጠራችም፤ ይህ ግን ገቢው የሚያዩት ልጆች ሽንፈት ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ ሌሊት ታክሲ ነድተው ያገኙትን እዚያ ሲከቱ አይቻለሁና።

በጥቅምት 2022 ትዊች የተባለው የሥርጭት መድረክ ስቴክን ጨምሮ አራት ካዚኖዎችን ከለከለ፤ ብዙም ሳይቆይ ኪክ የሚባል መድረክ ተከፈተ፤ ከመሥራቾቹ መካከል የስቴክ ባለቤቶች አሉበት። ብሪታንያ የቦነስ ግዢን ከልክላለች፣ የቦነሱ እጥፍም ከ10 እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ያ የድሮው 60 ዶላር የሚተርፍበት ሒሳብ ማለት ነው። ላስ ቬጋስ ያለችበት ኔቫዳ ግን የኢንተርኔት ስሎትን አትፈቅድም። ስለዚህ ልጆቻችን የሚጫወቱት ፈቃዳቸው ከኩራሳዎ ደሴት በሆኑ ካዚኖዎች ነው፤ የለንደን ደንብ እዚያ አይደርስም፤ ገንዘባቸው ቢያዝባቸውም ላስ ቬጋስ ውስጥ አቤት የሚሉበት ቢሮ የለም።