ጓሳ፦ ለእንግዳ ያልተጠበቀ ተራራ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ወደ ግራ የሚታጠፈው የመንዝን ደጋ ይዞ ወደ መሐል ሜዳ ያቀናል። ድሮ ለዕረፍት ብሎ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የመንዝ ስም የሚነሣው ከብርዱ፣ ከበጉና ከባናው ጋር ነበር፤ ሽርሽር ያለው ሌላ አገር ይሄድ ነበር።

መሐል ሜዳ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር እርሻው ድንገት ያበቃል። የገብሱና የባቄላው ማሳ ቀርቶ ዓይን እስኪደክም ድረስ ጓሳ የሚባለው ሣር ብቻ ይሆናል፤ ጅብራው እዚህም እዚያም ተገትሮ ይታያል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለው፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ግድም ስፋት ያለው የጓሳ መሬት ይህ ነው። ምሥራቁ ገደል ነው። ጫፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ይፋት ከእግሩ ሥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የአፋር ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ይዘረጋል። ባሕር የሌለን ሰዎች ከዚህ የተሻለ ዳርቻ አናገኝም።

እርሻው ለምን እዚያ ላይ ቆመ? ብርዱ ነው ማለት ይቀናል፤ እውነትም አንዱ ምክንያት ብርዱ ነው። ይሁንና የመንዝ ገበሬ መሬት ጠቦት ተዳፋቱን ሁሉ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፤ ብርድ ፈርቶ ብቻ ይህን ሁሉ መሬት ጦም አያሳድርም። ያቆመው ሕግ ነው፤ ያውም ራሱ ያወጣው ሕግ።

አባቶች ሲናገሩ እንደኖሩት፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመንዝ አቅኚዎች የነበሩት አስቦና ጌራ ጓሳን ለግጦሽና ለሣር ለይተው አስቀመጡት። ዘመኑ ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ ለሸዋ ሥርወ መንግሥት መሠረት ከጣለበት ጊዜ ብዙም አይርቅም። የሁለቱ ዘሮች ጓሳን በአጽመ ርስት ያዙት፤ የአጠባበቁ ሥርዓትም ቄሮ ተባለ። (በቅርብ ዓመታት በፖለቲካው ከሰማነው ስም ጋር አይገናኝም።)

የቄሮ ሹም አባ ቄራ ይባል ነበር። የአስቦ ወገን አንድ፣ የጌራ ወገን አንድ ይመርጥ ነበር። ጓሳው ከተዘጋ ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ማንም አይነካውም ነበር። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቁ ሲጠና ሽማግሌዎች ይመክሩና የሚከፈትበት ቀን ይነገር ነበር። ያን ጊዜ ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ፣ ከብቱን ነድቶ ይገባ ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሰሞን፣ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። ጥበቃው ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ግዴታ ነበር። ሰርቆ ያጨደ ይደበደብ፣ ነገሩ ከከፋም ጎጆው ይቃጠልበት ነበር። ጭካኔ ነው፤ የአባቶች ጥበብ ነው ብዬ ላሳምረው አልፈልግም። የአቅኚዎቹ ዘር ያልሆነ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ድርሻ አልነበረውም።

ቅጣቱ የከበደው ግን ያለ ነገር አይደለም። የመንዜ ቤት የሚከደነው በጓሳ ነው፤ የጓሳ ክዳን ከሌላው ሣር ይልቅ ዘመን ይሻገራል። ገመዱም፣ ፍራሹም፣ መጥረጊያውም ከእሱ ነው። እረኛው ዝናብ ሲመጣ ከራሱ እስከ ጉልበቱ የሚከናነበው ገሳም የሚሠራው ከዚሁ ሣር ነው። በልግ ሲከሽፍ ለከብቱ የሚተርፈው ግጦሽም ያው ጓሳ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አጽመ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ወደቀ። ርስት ያልነበረው ሰው መብት አገኘ፤ ይህ ፍትሕ ነው። ጓሳው ግን ባለቤት አጣ፤ ያሻው እየገባ ያጭድና ያግጥ ጀመር። ኋላ ላይ የአካባቢው ነዋሪዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው የጓሳ ኮሚቴን አቋቋሙ፤ በ2000ዎቹ ቦታው በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ሆኖ ዕውቅና አገኘ።

እዚህ ላይ ስሜን ትዝ ይለኛል። በዓለም ቅርስነት ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከመዝገቡ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የግጭ መንደር ነዋሪዎች እንዲነሡ ተደርገዋል። እንግሊዞች እንኳ ኤክስሙር የሚሉትን ባሕር ዳር ያለ ደጋቸውን እ.ኤ.አ. በ1954 ብሔራዊ ፓርክ ሲያደርጉት ገበሬውን ከነበጉ እዚያው ተዉት። በዚህ ረገድ ጓሳ ከስሜን ይልቅ ለኤክስሙር ይቀርባል፤ በዕድሜ ግን እንግሊዞቹን በሦስት መቶ ዓመት ገደማ ይበልጣቸዋል።

የጓሳ አራዊት የዚህ የማኅበረሰቡ ጥበቃ ትርፍ ናቸው። ጭላዳው ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ተቀምጦ ሁለት እጁን እያፈራረቀ ሣሩን ይነጫል። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በጓሳ ጭላዳን የሚከታተሉ ተመራማሪዎች አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ቀይ ቀበሮ ግልገል ከያዙ ጭላዳዎች መካከል ቀስ ብሎ ይገባል፤ እነሱም አይሸሹትም፣ እሱም ግልገል አይነካም። የሚፈልገው አይጥ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ጥናታቸው እንደሚለው፣ ቀበሮው በመንጋው መሐል ሆኖ ካደነው 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። ምክንያቱ ገና አከራካሪ ነው፤ አንዱ ግምት መንጋው ሲግጥ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ያስወጣቸዋል የሚል ነው።

እንግዳ የመጣው ከዚህ ሁሉ ዘመን ጥበቃ በኋላ ነው። ለማደሪያ የሚሆን ሎጅ ተሠራ፤ ባለቤቱ ማኅበረሰቡ ነው፤ አስጎብኚዎቹም የአገሩ ልጆች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ግን ተጓዡን አስቀርቶታል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ለመሄድ ያሰበ ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ቢመርጥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ አለው። ስንቅ ይዞ መሄድ ይበጃል፤ ብርድ ልብሱን ከአዲስ አበባ ከመጫን ግን መሐል ሜዳ ገበያ ወርዶ ባና መግዛት ይሻላል።