ባንክና ደላላ በአሜሪካ የቤት ብድር ታሪክ

በአሜሪካ አገር ቤት ለመግዛት ገንዘብ የሚበደር ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በቀጥታ ወደ ባንክ ሄዶ መዋዋል ነው፤ ሁለተኛው ከብዙ አበዳሪዎች ዘንድ ብድር ፈልጎ የሚያገናኝ ደላላ መያዝ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ እንደ ግል ጉዳይ ይታያል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጥናት ነገሩን ከታሪክ አንጻር እንመለከተዋለን። አሳባችንም ይህ ነው፤ ለተበዳሪው ዋናው ነገር አበዳሪው ባንክ ወይም ደላላ መባሉ ሳይሆን፥ ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅና አገናኙ ዋጋውን ከማን እንደሚቀበል ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1831 በፊላደልፊያ አጠገብ በፍራንክፎርድ ኦክስፎርድ ፕሮቪደንት የተባለ የቤት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። አባሎቹ በየወሩ ገንዘብ ያዋጡ ነበር፤ ከተጠራቀመውም በተራ እየተበደሩ ቤት ያገኙ ነበር። የመጀመሪያው ተበዳሪ ኮምሊ ሪች 375 ዶላር ወሰደ። አበዳሪና ተበዳሪ ጎረቤታሞች ስለ ነበሩ አገናኝ አላስፈለጋቸውም፤ ዕዳው ባይከፈልም የሚጠፋው የራሳቸው የአባሎቹ ገንዘብ ነበር።

ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1920ዎቹ ዓመታት ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚሰጡት ብድር በአብዛኛው የጥቂት ዓመታት ብቻ ሲሆን፥ መጠኑም ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ያህል ነበር። ዋናው ገንዘብ በቀጠሮው ቀን ባንድ ጊዜ መከፈል ስለ ነበረበት፥ ተበዳሪው በየጊዜው ውሉን ማደስ፥ ለጐደለውም ወለዱ የከበደ ሁለተኛ ብድር መፈለግ ግድ ሆነበት። ከ1929 የገበያ ውድቀት በኋላ አበዳሪዎች ውል ማደስን ሲያቆሙ ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ።

በዚህ ጊዜ መንግሥት ጣልቃ ገባ። በ1933 በፕሬዚደንት ሩዝቬልት ዘመን የቤት ባለቤቶችን ዕዳ የሚረከብ ኮርፖሬሽን ቆመ፤ እስከ 1936 ድረስም አንድ ሚሊዮን ያህል ብድሮችን በ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰጠ። በ1934 ደግሞ ለአበዳሪው ዋስ የሚሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ጥቂት በጥቂት የሚከፈለው የረጅም ዘመን ብድር ተስፋፋ። ይሁን እንጂ ይህ በጎ ሥራ ለሁሉም አልደረሰም። የኮርፖሬሽኑ ካርታዎች ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በቀይ ቀለም ለይተው አደገኛ ይሏቸው ነበር። በመኖሪያ ቤት ሽያጭና ብድር ረገድ በዘር መለየትን የከለከለ ሕግ የወጣው በ1968 ነው። ስለዚህ የባንክ በር ለሁሉ እኩል የተከፈተ ነበር ማለት አይቻልም።

በ1970 ብዙ የቤት ብድሮች ባንድነት ተጠቃለው በመንግሥት ዋስትና ለባለ ገንዘቦች መሸጥ ጀመሩ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ምክንያቱም ያበደረው ባንክ ዕዳውን እስከ መጨረሻው መያዝ ቀረለት። ከ1980ዎቹ ወዲህም የደላላው ሥራ በእጅጉ ሰፋ። አንዱ ባንክ የመለሰውን ሰው ሌላ አበዳሪ ዘንድ ማድረስ፥ የብዙዎችንም ዋጋ ማወዳደር መቻሉ እውነተኛ ጥቅም ነበር። ነገር ግን ተበዳሪው ከሚገባው በላይ በሆነ ወለድ ሲፈርም አበዳሪው ለደላላው ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍልበት ልማድ ነበር። ለምሳሌ 200,000 ዶላር ለ30 ዓመት በ6 በመቶ ፈንታ በ6.5 በመቶ የተበደረ ሰው በየወሩ 65 ዶላር ያህል፥ በጠቅላላውም ከ23,000 ዶላር በላይ አብልጦ ይከፍላል። ደላላው የተበዳሪው ወኪል መስሎ ቢቀርብም፥ እንዲህ ባለው ውል የሁለት ጌታ ሎሌ ሆኖ ነበር።

በ2008 የብድሩ ሥርዓት ሲናጋ ብዙ ሰዎች ጥፋቱን በደላላው ላይ ጣሉት። እኛ ግን ይህ ፍርድ ግማሽ እውነት ብቻ ነው እንላለን። ደላላው ያመጣውን ውል የተቀበለው አበዳሪው ነውና። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የወደቀው ዋሺንግተን ሚውችዋል 307 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሀብት የነበረው ሲሆን፥ በአሜሪካ ታሪክ ከወደቁት ባንኮች ሁሉ ትልቁ ነው። እርሱም አደገኛ ብድር በገዛ እጁ ይሰጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ የወጡት ሕጎች ጉዳዩን ከሥሩ ነክተውታል። በ2008 የወጣው ሕግ ብድር አዋዋዮች እንዲመዘገቡ አዘዘ። በ2010 የወጣው ሕግና በ2011 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ደግሞ የአዋዋዩን ዋጋ ከወለዱ ከፍታ ጋር ማያያዝን፥ ከተበዳሪና ከአበዳሪም በአንድ ብድር ላይ መቀበልን ከለከሉ። ደንቡ ደላላውን ብቻ ሳይሆን የባንኩን ብድር ሠራተኛም ይመለከታል።

በዋሺንግተን ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ቤት ገዝተው ስለሚኖሩ ይህ ታሪክ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ባንክ የሚያቀርበው የራሱን ብድር ብቻ መሆኑ፥ ደላላም የሚያወዳድረው አብረውት ከሚሠሩት አበዳሪዎች መካከል ብቻ መሆኑ መታወቅ አለበት። ከ2015 ወዲህ ተበዳሪው ባመለከተ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ወለዱንና ወጪውን የሚዘረዝር ባለ 3 ገጽ ወረቀት እንዲሰጠው ሕጉ ያስገድዳል። እንግዲህ ከባንኩም ከደላላውም ወረቀቱን ተቀብሎ በአንድ ቀን ጐን ለጐን ያስተያየ ሰው፥ የ1920ዎቹ ተበዳሪ ያላገኘውን ዕድል አግኝቷል ማለት ነው።