አማተር ሬዲዮ፦ ከአንድ ሽቦ እስከ ውቅያኖስ ማዶ

አማተር ሬዲዮ ለትርፍ ሳይሆን ለዕውቀትና ለግንኙነት ፍቅር ሲባል በፈቃድ የሚካሄድ የሁለትዮሽ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። አማተሩ እንደ ብሮድካስት ጣቢያ ዜናና ሙዚቃ ለሕዝብ አያሰራጭም፤ ከሌላ ባለፈቃድ ጋር ይነጋገራል፣ መሣሪያ ይሠራል፣ ይሞክራል፣ ያበላሻል፣ መልሶ ይጠግናል። እያንዳንዱ ባለፈቃድ በዓለም ላይ ከሌላ ሰው ጋር የማይጋራው የጥሪ ምልክት አለው። የኢትዮጵያ ምልክቶች «ኢቲ» በሚሉት ሁለት ፊደላት ይጀምራሉ። ከእነዚህ የታወቀው «ኢቲ3ኤኤ» ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ መጠሪያ ነው።

የዚህ ሙያ ወዳጆች ለዓለም ያበረከቱት ውለታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው የአሜሪካ የሬዲዮ ሕግ አማተሮችን ከ200 ሜትር ባጠረ ሞገድ ብቻ እንዲሠሩ ወስኗቸው ነበር። በጊዜው ይህ የሞገድ ክልል ለሩቅ ግንኙነት አይረባም ተብሎ የተተወ ነበር። አማተሮቹ ግን በተሰጣቸው «ጠፍ መሬት» ላይ ሲሞክሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1923 ፈረንሳይና አሜሪካ ያሉ ጣቢያዎች አትላንቲክን አሻግረው ተነጋገሩ። ዛሬ የአጭር ሞገድ ሥርጭት የሚባለው ሁሉ የዚያ ሙከራ ቅርስ ነው።

ጥቅሙ በችግር ቀን ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የህንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታ የስልክ መስመሮች ተቋረጡ። ለሌላ ዓላማ በሥፍራው የነበሩ የህንድ አማተሮች ባላቸው አነስተኛ መሣሪያ የደሴቶቹን ወሬ ወደ ዋናው ምድር ማድረስ ችለዋል። መሣሪያው ከባትሪና ከአንድ ሽቦ በቀር ሌላ መሠረተ ልማት ስለማይሻ ነው።

ሬዲዮ በሌሊት ለምን ይርቃል?

ይህን ጥያቄ አማተር ብቻ ሳይሆን በገጠር ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሁሉ ያነሣዋል። ቀን የማይሰማ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ጎረቤት ይሰማል። ምክንያቱ ከምድር በላይ ያለው አዮኖስፌር የሚባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንጣፍ ነው። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ዝቅተኛው ንጣፍ በፀሐይ ብርሃን የሚፈጠር ሲሆን፣ መካከለኛ ሞገድን ይውጣል እንጂ አይመልስም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይህ ንጣፍ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሞገዱ ወደ ላይ አልፎ እስከ 300 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ካለው ንጣፍ ላይ ተንጸባርቆ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ይወርዳል።

አማተሮች ይህን ዕውቀት ለሰዓት ምርጫ ይጠቀሙበታል። የ14 ሜጋ ኸርዝ ክልል በቀን ለሩቅ አህጉር፣ የ7 ሜጋ ኸርዝ ክልል በቀን ለቅርብ በሌሊት ለሩቅ፣ የ3.5 ሜጋ ኸርዝ ክልል ደግሞ በሌሊት ለቅርብ ይመረጣል። ፀሐይም በየ11 ዓመቱ ገደማ የሚመላለስ የነቁጥ ዑደት አላት። ነቁጦቿ ሲበዙ ከፍተኛ ድግግሞሾች ይከፈታሉ፤ ሲያንሱ ይዘጋሉ።

ለኢትዮጵያ የተለየ ጉዳይም አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገሪቱ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ከፍተኛው የአየር ንጣፍ ይናወጣል፤ በተለይ ቀንና ሌሊት በሚስተካከሉባቸው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ። ያን ጊዜ ድምፁ እንደ ክንፍ እየተርገበገበ ይመጣል። የአቅጣጫ ጠቋሚ ሳተላይት መቀበያም በዚያው ሰዓት ሊሳሳት ይችላል። መሣሪያ ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ከመውሰድ በፊት ሰዓቱን ማየት ወጪ ያድናል።

አንቴና ወይስ ጉልበት?

አዲስ ጀማሪ በብዛት የሚጠይቀው «ስንት ዋት ልግዛ?» ብሎ ነው። የነባሮቹ መልስ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ገንዘቡን ለሽቦና ለምሰሶ አውል። ኃይልን ከ100 ዋት ወደ 400 ዋት በአራት እጥፍ ማሳደግ በተቀባዩ መርፌ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አንድ እርከን ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለን ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር የተጠጋን አንቴና በአግባቡ መስቀል ግን ከዚህ የበለጠ ሊያስገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ ጉልበት ለመናገር እንጂ ለመስማት አይረዳም፤ አንቴና ለሁለቱም ነው።

ቀላሉና አስተማማኙ አንቴና መሐሉ ላይ ተቆርጦ በሁለት ክንፍ የሚዘረጋው ዳይፖል ነው። ርዝመቱን ለማግኘት 142.5ን በሜጋ ኸርዝ ድግግሞሹ ማካፈል ይበቃል። ለ7.1 ሜጋ ኸርዝ 20 ሜትር ያህል ይመጣል፤ ክንፉ በየወገኑ 10 ሜትር ነው። ለ14.2 ሜጋ ኸርዝ ደግሞ 10 ሜትር፣ በየወገኑ 5 ሜትር ይሆናል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ክንፉን መጀመሪያ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር አስረዝመው ይቆርጡና ከሰቀሉ በኋላ ያሳጥራሉ። የተቆረጠ ሽቦ አይመለስምና።

ማስተካከያው የሚደረገው ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል በሚለካ መሣሪያ ነው። ልኬቱ 1 ለ 1 ከሆነ ምንም አልተመለሰም፤ 2 ለ 1 ከሆነ 11 በመቶ፣ 3 ለ 1 ከሆነ 25 በመቶ ይመለሳል። ልኬቱ ዝቅተኛ የሚሆንበት ድግግሞሽ ከተፈለገው በታች ከሆነ ሽቦው ረዝሟል፤ በላይ ከሆነ አጥሯል። በ7 ሜጋ ኸርዝ ከጠቅላላው ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ ወደ 35 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ወደ ላይ ያንቀሳቅሰዋል። ከ2 ለ 1 በታች ከደረሰ በኋላ ለፍጹምነት ሲባል ቀን መፍጀት የሚያስገኘው ጥቅም እምብዛም ነው።

ከፍታውን በተመለከተ ደጋማና ሸለቋማ አገር ከሜዳ አገር የተለየ ምክር ያስፈልገዋል። የኤፍኤም ሞገድና የእጅ ሬዲዮ በተራራ ይከለላሉ፤ ከዓባይ በረሃ ሥር ወይም ከሊማሊሞ ጥግ ሆኖ ማዶ ያለውን ማግኘት አዳጋች ነው። በ7 ሜጋ ኸርዝ የተዘረጋ ዳይፖል ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍ ቢል ግን አብዛኛውን ኃይሉን ሽቅብ ይልካል። ሞገዱ ከአዮኖስፌር ተመልሶ በ300 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን ሁሉ ተራራም ሸለቆም ሳይለይ እንደ ዝናብ ይወርድበታል። ወደ ሩቅ አህጉር ለመድረስ ደግሞ ያው አንቴና ወደ 20 ሜትር ከፍታ ይፈልጋል።

ሲናገሩ የሚጠፋ መሣሪያ

ሌላው ተደጋጋሚ ጥያቄ «መሣሪያው ደኅና ይሰማል፤ ለመናገር ስጫን ግን ይጠፋል» የሚል ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ገመዱ ነው። የ100 ዋት መሣሪያ በማዳመጥ ጊዜ ከባትሪ ወደ 1 አምፔር ቢወስድ፣ ሲናገር ወደ 20 አምፔር ይጠጋል። ገመዱ ቀጭን ወይም ማያያዣው የዛገ ከሆነና 0.05 ኦም ተቃውሞ ካለው፣ 1 ቮልት ሙሉ በመንገድ ላይ ይቀራል። የደከመ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይህን አይችልም። ወፍራምና አጭር ገመድ መጠቀም፣ የባትሪውን ራስ ማጽዳት፣ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ ማድረግ ይገባል። ፊውዝ የሌለው ገመድ ቢነካካ ቤት ያቃጥላል።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

የሬዲዮ ጩኸት ዛሬ ከሰማይ ይልቅ ከቤት ውስጥ ይበዛል። ርካሽ የሞባይል ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖልና የፀሐይ ኃይል ባትሪን የሚቆጣጠረው ሣጥን በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ላይ ከባድ ጩኸት ይለቃሉ። ለማግኘት በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ከፍቶ የቤቱን ቆጣሪ ማጥፋት፣ ጩኸቱ ከቆመም ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየመለሱ መስማት ነው። ቆጣሪው ጠፍቶ ጩኸቱ ከቀጠለ ምንጩ ጎረቤት ወይም የመንገድ መስመር ነው። ምሰሶ ላይ የሚንጣጣ ነገር ቢሰማ ለመብራት አገልግሎት ማሳወቅ እንጂ መጠጋት አይገባም።

ለአድማጭ ብቻ የሚሆን ቀላል ዘዴም አለ። በመካከለኛ ሞገድ የሚሠራው አንቴና ተስቦ የሚወጣው ዘንግ ሳይሆን በሬዲዮው ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ጥቁር በትር ነው፤ አቅጣጫም ይመርጣል። ስለዚህ ሬዲዮውን ራሱን ማዞር ጣቢያውን ያጎላል ወይም ጩኸቱን ያደክማል። ዘንጉን ማርዘም የሚጠቅመው ለአጭር ሞገድና ለኤፍኤም ነው። ለአጭር ሞገድ ከ10 እስከ 20 ሜትር የሚሆን የተሸፈነ ሽቦ ከዘንጉ ጋር አያይዞ ከቤት ውጭ መዘርጋት ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል።

ሁለት አደጋዎች

የአንቴና ሽቦ በኤሌክትሪክ መስመር ላይም ሆነ ሥር በምንም ምክንያት መዘርጋት የለበትም። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ምሰሶው ቢወድቅ መስመሩን የማይነካበት ርቀት መኖር አለበት። በዚህ ነገር «ትንሽ ቦታ ብቻ ነው» የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው መብረቅ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመና ሲጠቁር አንቴናውን ከመሣሪያው ነቅሎ ከቤት ውጭ ማስቀመጥ ይገባል፤ ነጎድጓድ ከጀመረ በኋላ ግን ገመድ መንካት ራሱ አደጋ ነው። ብልጭታ ታይቶ ነጎድጓዱ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ ቀጣዩ እዚያው ሊወርድ ይችላል። ከመሬት ጋር ማያያዣ ብረት መቅበር ይረዳል እንጂ መንቀልን አይተካም።

ፈቃድ

ማሰራጫ መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ሆነ መጠቀም ክልክል ነው። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የእጅ ሬዲዮ ገበያ ላይ በቀላሉ መገኘቱ በማንኛውም ድግግሞሽ መናገርን አይፈቅድም። በአውሮፕላን ወይም በፀጥታ አካላት ሞገድ ላይ የሚሰማ ያልተፈቀደ ድምፅ ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል። ፍላጎቱ ያለው ሰው አስቀድሞ በማዳመጥ መጀመር፣ የጥሪ ምልክቶችን መመዝገብ፣ ከዚያም ባለሥልጣኑንና ማኅበሩን መጠየቅ ይችላል።