አቅመ አዳምና 18 ዓመት፤ ስለ ጠመንጃና ስለ ወጣት ዕድሜ አጭር ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ የታሪክ ተማሪዎች የሆንን እኛ ለበዓሉ መጽሔት የመረጥነው አርእስት ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩም 18 ነው። አንድ ወጣት በስንት ዓመቱ ጠመንጃ ሊይዝ ወይም ለውትድርና ሊጠራ ይገባል የሚለው ጥያቄ በአማን፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ለሚኖር ቤተሰብ የሩቅ ነገር አይደለም። ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን መካከል ይህ ጥያቄ በገዛ ራሳቸው ወይም በወንድማቸው ላይ የተፈረደበትን ቀን የሚያስታውሱ አሉ። ስለዚህም ሕጉ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ በመካከሉም ምን እንደ ጐደለው ለአንባቢያን በአጭሩ ልናስረዳ እንወዳለን።

በቀድሞው ዘመን ዕድሜ በዓመት ቁጥር ብቻ የሚለካ አልነበረም። ልጅ የተወለደበት ጊዜ የሚታወሰው በዘመቻው፣ በረኃቡ ወይም በዘመኑ ሹም ስም ነበር። ወንድ ልጅ ሰው ሆነ የሚባለውም ለአቅመ አዳም ሲደርስ ነው። አቅመ አዳም ደግሞ የሚታወቀው በቁመት፣ በድምፅ መጐርነንና በጉልበት ስለሆነ፣ ፈራጁ የተመልካች ዓይን ነበር። በቆሎ የሚጠብቅ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ጦጣና ዝንጀሮ የሚያባርረው በወንጭፍ ነው፤ ከወንጭፉ ወደ ጦር፣ ከጦሩም ወደ ጠመንጃ የሚሸጋገርበትን ቀን የሚወስነው ግን አባቱ ወይም ጌታው ነበር። የጌታውን ጠመንጃ ተሸክሞ ወደ ዘመቻ የሚከተል ልጅ እግር አሽከርም በየሠራዊቱ ይታይ ነበር።

ጠመንጃ ወደ አገራችን በብዛት የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ውጅግራና ሌላውም መሣሪያ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ለነፃነት አገለገለ። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በከፋ ላይ በዘመቱ ጊዜ ግን፣ በአብዛኛው በጦርና በጋሻ የሚዋጋው የከፋ መንግሥት ሊቋቋማቸው አልቻለም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የቤንች፣ የሸኮ፣ የዲዚና የጎረቤቶቻቸው አገር በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ጠመንጃ ባለውና በሌለው ሰው መካከል የነበረው ልዩነት ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ በማጂና በአካባቢው የተካሄደው የባሪያ ፍንገላ ያስረዳል፤ ከተወሰዱትም መካከል ልጆች ነበሩ። ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆንም ሆነ፣ በነሐሴ ወር 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ስለ ጦር መሣሪያ ስትዋዋል፣ ዋናው ጉዳይ መሣሪያው በየት በኩልና በማን ፈቃድ ይገባል የሚል ነበር።

በጥር ወር 1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። መምህራኑ የስዊድን መኮንኖች ሲሆኑ፣ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ወጣቶች ነበሩ። ትምህርታቸው ሳይፈጸም ጦርነት ደረሰባቸው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ከነዚሁ ወጣቶች በርካታዎቹ ወደ ወለጋ ሄደው፣ ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ በመሩት በጥቁር አንበሳ ማኅበር ተሰለፉ። ማኅበሩ 10 አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው፤ በዚያም ገበሬውን መበደልና ምርኮኛን መጉዳት ተከልክሏል። ከራስ እምሩ ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ ካፈገፈጉ በኋላ፣ እኛ ወደ ጂማ ስንጓዝ በምንሻገረው በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ። በየካቲት ወር ከተጣለው ቦምብ በኋላም ጣሊያኖች ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቹን ገደሉ። እነዚህ ወጣቶች ጠመንጃ የያዘ ሰው ምን ማድረግ እንደማይገባው ጽፈው አልፈዋል፤ የያዡ ዕድሜ ግን የደንባቸው ጉዳይ አልነበረም።

ቁጥሩ በሕግ መጽሐፍ ጐልቶ የተጻፈው ከነፃነት በኋላ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ከወንጀል ኃላፊነት ነፃ አደረገ፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው የተለየ ሥርዓት አበጀ፤ ከ15 እስከ 18 ላለው ደግሞ ቅጣት ሊቀልለት እንደሚችል ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ198ኛው ቁጥር፣ ወንድም ቢሆን ሴት፣ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያልደረሰ ነው ብሎ ወሰነ። እንግዲህ በተመልካች ዓይን ይፈረድ የነበረው አቅመ አዳም፣ በቁጥር ለሚቆጠረው ለአካለ መጠን ስፍራውን ለቀቀ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ሕግ መጨረሻ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ አንቀጽ አለ። ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍባቸው የክብር መዝገቦች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪገለጽ ድረስ እንዳይሠራባቸው 3361ኛው ቁጥር አቆያቸው። ሕጉ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው አለ፤ ልጁ መቼ እንደ ተወለደ የሚጻፍበትን መዝገብ ግን አልከፈተም።

ይህ ጉድለት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ የታየው በደርግ ዘመን ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ግዴታውን ከ18 እስከ 30 ዓመት ባሉት ዜጎች ላይ ጣለ። በወረቀቱ ላይ የዕድሜው ወሰን ግልጽ ነበር። ነገር ግን ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ የሰው ቁጥር ተመድቦ ሲወርድ፣ ሊቀ መንበሩ የሚመለከተው መዝገብ አልነበረውም፤ የሚመለከተው የልጁን ቁመት ነበር። አፈሳ በተባለው በዚያ ሥራ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ከገበያና ከመንገድ እየተያዙ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ። እናት «ልጄ ገና 15 ዓመቱ ነው» ብትል የምታሳየው ወረቀት አልነበራትም። ቁመቱ የረዘመ ልጅ በቁመቱ ምክንያት ተወሰደ። በሕግ የተሻረው የተመልካች ዓይን በተግባር ተመልሶ ፈራጅ ሆነ።

በዚያው ዘመን መጨረሻ ከእኛ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሌላ ነገር ሆነ። የሱሪ ወጣቶች ዶንጋ በሚባል ረጅም ዱላ የሚጋጠሙበት ጥንታዊ ጨዋታ አላቸው። ጨዋታው ብርቱ ቢሆንም ሥርዓት አለው፤ ዳኞች ይቆሙበታል፤ ተጋጣሚን መግደልም ክልክል ነው፤ ገድሎ የተገኘ ካሣ አለበት። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ክላሽንኮቭ ጠመንጃ ድንበር እየተሻገረ በብዛት ገባ። የሱሪን ሕዝብ ለረጅም ጊዜ ያጠኑት የሆላንዱ ምሁር ያን አቢንክ እንደሚያስረዱት፣ ከዚህ በኋላ ሽማግሎች በወጣቶቹ ላይ የነበራቸው ሥልጣን ደከመ፤ ከጎረቤት ጋር ያለውን ጠብ በዕርቅ መጨረስም አስቸጋሪ ሆነ። ለዱላ የተሠራው ደንብ ለጠመንጃ አልበቃም።

ወጣት ሁሉ መሣሪያ በነካበት ስፍራ ጥፋት ይመጣል ማለታችን አይደለም። በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ በየዓመቱ በእኛ አዲስ ዓመት ሰሞን ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች ዒላማ ተኩስ ይወዳደራሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ልጃገረዶችም ገብተውበታል። ልጁ የሚተኩሰው አዋቂ በአጠገቡ ቆሞ እየተቆጣጠረው፣ በተከለለ ሜዳ፣ በተወሰነ ቀን ነው። ከሁሉ በላይ የእያንዳንዱ ልጅ የልደት ቀን በመዝገብ የታወቀ ነውና፣ 13 እና 17 የሚሉት ቁጥሮች ትርጉም አላቸው።

በአገራችን መዝገቡ የተከፈተው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ እስከዚያ ድረስ 56 ዓመት ሆነ። በመካከሉ ሌሎች ሕጎች ተጨምረዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ለጦርነት መመልመልን በጦር ወንጀልነት ቈጠረው። ልጆች በጦርነት እንዳይሳተፉ የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ተጨማሪ ስምምነት ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ፣ መሣሪያ መያዝ በመንግሥት ፈቃድና በምዝገባ እንዲሆን ወሰነ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የዕድሜ ወሰን ከልደት መዝገብ ተለይቶ ሊቆም እንደማይችል ነው። መዝገብ ከሌለ 18 የሚለው ቁጥር ኃይለኛው እንደ ፈለገ የሚዘረጋውና የሚያሳጥረው ገመድ ይሆናል። መዝገብ ብቻውንም አይበቃም፤ ልጁ ልጅ መሆኑን አይቶ «ይህ አይሄድም» የሚል ሊቀ መንበር፣ መምህርና ጎረቤት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆች፣ ሕፃን ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ እንድታስመዘግቡልን እንለምናለን። በቡና ለቀማ ወራት ጊዜ ባይኖርም፣ አንድ ቀን ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መሄድ ልጅን ብዙ ዓመት ይጠብቀዋል። እኛም ተማሪዎች ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችን ቅጹን ልንሞላላቸው እንችላለን። ታናናሾቻችን ዕድሜያቸውን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣባቸው፣ መልሱን በቁመታቸው ሳይሆን በወረቀታቸው ይስጡ።